ዳግም ግምገማ ወይስ አዲስ ማስረጃ?

በአሜሪካ ጦር አገልግለው ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚኖሩት ጎረቤቴ ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያቀረቡት የጉዳት ካሳ ጥያቄ ውድቅ ስለሆነ፣ ከየካቲት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከሚሠራባቸው የአቤቱታ መንገዶች ሁለቱን አብረን አመዛዝነናል።

በከፍተኛ ገምጋሚ የሚካሄደው ዳግም ግምገማ ከውሳኔው በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ በመሥሪያ ቤቱ ቅጽ 20-0996 ይጠየቃል፤ ስህተቱን በስልክ ማስረዳት ቢቻልም አዲስ ወረቀት አይቀበልም። በቅጽ 20-0995 የሚቀርበው ተጨማሪ ጥያቄ ግን አዲስና ጉዳዩን የሚነካ ማስረጃ ይሻል፤ ዓመቱ ሳያልፍ ቀርቦ ከተፈቀደ፣ ክፍያው ከመጀመሪያው ማመልከቻ ሊታሰብ ይችላል።

ለእርሳቸው የደረሰው ደብዳቤ፣ የጉልበት ሕመማቸውን ከውትድርናው ጋር የሚያያይዝ የሐኪም አስተያየት መጓደሉን በግልጽ ስለሚናገር፣ ያንኑ ጎዶሎ መዝገብ ለሌላ ዓይን ማሳየት (ቁጭታቸው ወደዚያ ቢገፋቸውም) ትርፉ ድካም ነው፤ እዚሁ የታከሙበትን ማስረጃ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመው፣ ሐኪሙም «ከአገልግሎቱ የመጣ ነው» የሚልበትን ምክንያት አብራርቶ እንዲጽፍላቸው አድርገው ማያያዝ ይሻላቸዋል።