«ሁሉም ተካቷል» የሚላችሁን ሽሹት

ሰኞ ማታ ነው የምጽፈው። ትናንት ማታ ከስሜን ተራሮች ፓርክ ተመልሰን ገባን። እስካሁን እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል፣ ስለዚህ ነገሬ እዚህም እዚያም ቢረግጥ ይቅርታ።

የጉብኝት ደላላውን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጠራም፣ ስምም አያስፈልገው። ጎንደር ፒያሳ ላይ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን የሚቀመጠው ነው። መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ ሁለት ስልክ ጠረጴዛው ላይ። ፈረንጅ ሲያይ «ማይ ፍሬንድ»፣ ሐበሻ ሲያይ «የኔ ወንድም»። ቢሮ የሚላት ከአንድ ጁስ ቤት ጎን የተወሸቀች ክፍል ናት። ግድግዳዋ ላይ የዋልያ ፎቶ ያለበት ባነር ተሰቅሏል። ፎቶው ከሩቅ ስለተነሳ ዋልያው ፍየል ይመስላል። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

እኔ የአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። ከአራት ወር በፊት ትምህርት ቤታችን አንድ የበጎ ፈቃድ መምህር መጡ። አየርላንዳዊ ናቸው። ሀገራቸው ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። እዚህ ደመወዝ የላቸውም። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል እየገቡ ያግዙኛል፣ ልጆቹም «ጋሼ» ይሏቸዋል። አማርኛን የለመዱት ከሰሌዳ ነው። ገበያ ወጥተው ሽንኩርት መጠየቅ ሳይችሉ በፊት «ተካፋይ»፣ «አካፋይ»፣ «ድርሻ»፣ «ቀሪ» ማለት ቻሉ። ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት በሻይ ሰዓት ስሜንን ማየት እፈልጋለሁ አሉኝ። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ እንደሆነ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ላሊበላም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነበረች። እኔ ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር አድጌ፣ ፓርኩን ረግጬ አላውቅም። የፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ እኮ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው! አፈርኩ። ያፈረ ሰው ደግሞ ይቸኩላል። «ለእኔ ይተዉት» አልኩ።

በማግስቱ ሰውየው ዘንድ ሄድኩ። መኪናው ላንድክሩዘር ነው አለኝ። የፓርክ መግቢያ፣ ስካውት የሚባለው ባለጠመንጃ አጃቢ፣ አስጎብኚ፣ ምግብ፣ ማደሪያ ሁሉም ተካቷል። «ሰርፕራይዝም አለው» ብሎ ጠቀሰኝ። ሁለት ቀን አንድ ሌሊት፣ ለሁለት ሰው 30 ሺህ ብር። ትንሽ ተከራክሬ 28 ሺህ አስገባሁት። በእኔ ቤት ረትቻለሁ። ጋሼ «የጋበዝኩህ እኔ ነኝ» ብለው 20 ሺህ ሰጡኝ፣ 8 ሺሁን ከራሴ ጨመርኩ። የመምህር 8 ሺህ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

20 ሺሁን ቀብድ ብዬ በቴሌብር ላክሁለት። ደረሰኝ ስጠይቀው የተከፋ መሰለ። «የኔ ወንድም፣ በአንድ ከተማ ልጅ አንተማመንም?» አለ። ይሉኝታ ያዘኝ። ከደብተር አንድ ገጽ ቀዶ የሆነ ነገር ሞነጫጨረና ፈረመልኝ። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አላነበብኩትም። በቀን መቶ ደብተር የሚያርም ሰው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሳያነብ ቀረ!

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ላንድክሩዘሩ አባዱላ ሆኖ መጣ። «ጋራዥ ገብቷል» አለ ሾፌሩ። ቀሪውን 8 ሺህ ተቀብሎ ቆጠረና ተነሳን። ወለቃ ላይ ሦስት ሰው ጫነ። «ኮንትራት አይደለም እንዴ የያዝነው?» ስለው «ዘመዶቼ ናቸው» አለኝ። ዘመዶቹ አምባጊዮርጊስ ሲወርዱ ሒሳብ ከፈሉት። ጋሼ ሳቁና «ሰርፕራይዝ» አሉ። እስከዚያ ድረስ ይስቁ ነበር። ቁርሱም ሁለት ሙዝና አንድ ዳቦ ነበር፣ እሱን እንለፈው።

ደባርቅ ደረስን። ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ሠራተኛው ትሁት ሰው ነው። ክፍያው በማን ስም እንደሆነ ጠየቀኝ፣ የሰውየውን ስም ሰጠሁት። መዝገቡን አገላበጠ። የለም። ለእንግዳው መግቢያ አልተከፈለም፣ ለስካውትም አልተከፈለም፣ ለመኪናውም አልተከፈለም። ያን ጊዜ ወረቀቴን ከኪሴ አውጥቼ በኩራት ዘረጋሁለት። አነበበውና ምንም ሳይል መለሰልኝ። እኔም ያን ጊዜ አነበብኩት። «ለትራንስፖርት ብቻ 20 ሺህ ብር ተቀብያለሁ» ይላል።

ደወልኩለት። አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ ተዘጋ። ወጥቼ ሾፌሩን ደውልለት አልኩት። የእሱን ስልክ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ። ሾፌሩ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጎ ወንበሩ ላይ አስቀምጦታል። እያንዳንዷ ቃል ትሰማለች።

«ምን ሆናችሁ?»

«ፓርኩ አልተከፈለም እያሉ ነው።»

«ታዲያ ፈረንጁ አብሯችሁ አይደል? ይክፈላ!»

«መምህሩ እየተቆጣ ነው።»

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። «እሱን ተወው። የመምህሩ ድርሻ ተይዞለታል።»

ዞር ስል ጋሼ ከኋላዬ ቆመዋል። ፓስፖርታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። እኔን፣ ከዚያ ስልኩን፣ ከዚያ መልሰው እኔን አዩ።

«ድርሻ?» አሉ።

በቃ ይህችኑ ብቻ። ክፍል ውስጥ ልጆቹ ፊት እንደሚሏት ነው ያሏት፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለዩ። ያስተማርኳቸው ቃል ስለሆነ አልገባቸውም ብዬ እንኳ መጽናናት አልቻልኩም። ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። እንግሊዝኛዬ ጥርግ ብሎ ጠፋ። «ኖ፣ ኖ፣ ኖት ሚ» ብቻ ወጣኝ። የሌባ ንግግር ይመስላል፣ እኔም ሳወጣው ታውቆኛል። እሳቸው ግን ወደ ውስጥ ገብተው ሁሉንም ከፈሉ። ደረሰኛቸውን ተቀብለው በጥንቃቄ አጠፉትና ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ሲወጡ ትከሻዬን መታ አደረጉና «ችግር የለም» አሉኝ። ይህችን ቃል ፈረንጅ ሁሉ ቦሌ ሲወርድ ነው የሚማራት። ከእሳቸው አፍ ስትወጣ ያን ያህል ባዶ ሆና ሰምቻት አላውቅም።

እዚህ ላይ ነው የምበግነው። ጋሼ ደላላውን ምን ብለው ያምኑታል? ያመኑት እኔን ነው። ሰውየውም ይህን ያውቃል። ቀድሞ የሚያጠምደው እንግዳውን ይዞ የሚመጣውን የሀገር ልጅ ነው። ከዚያ ነገር ሲበላሽ እሱን የሌባ ተካፋይ አድርጎ ያሳየዋል፣ አፉንም ያዘጋዋል። እኔን አዘጋኝ።

የቀረውን በአጭሩ። አስጎብኚ አልነበረም። ማደሪያው ሎጅ ተብሎ ነበር፣ ሳንቃበር ላይ ዚፑ የተበጠሰ ድንኳን ሆኖ አገኘነው። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱን እናንተው ገምቱት። የተመደበልን ስካውት ጋቢውን አውልቆ ለጋሼ ደረበላቸው። ጠመንጃውን ታቅፎ እሳት ዳር አደረ። ሰው ማለት እሱ ነው። ጠዋት ጭላዳዎቹ መጡ። ሳር እየነጩ በአጠገባችን አለፉ፣ ደረቱ ላይ ቀይ ያለበት ትልቁ ወንድ ከጋሼ ጫማ ሁለት ሜትር ላይ ተቀመጠ። ጋሼ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ አዩአቸው። እኔ ያችን ሰዓት በልቤ እንግሊዝኛ ሳዘጋጅ ነው የጨረስኳት። አንዱንም አልተናገርኩት። ዋልያ የሚታየው ጨነቅ ወደሚባለው ቦታ ሲኬድ ነው ተባልን፣ ሾፌሩ ግን «ነዳጁ አያደርስም» ብሎ ፊቱን ወደ ደባርቅ አዞረ። ዋልያን ያየሁት እንግዲህ ባነሩ ላይ ብቻ ነው።

ዛሬ ከሰዓት ቢሮው ሄድኩ። እዚያው ወንበር፣ እዚያው ማኪያቶ። ወረቀቱን አወጣሁ። ቀና ሳይል «መምህር አይደለህም እንዴ? ማንበብ ያቅትሃል?» አለኝ። ጠረጴዛው ዳር የተቀመጠችው ልጅ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ሳቀች። ድምፄን ከፍ ሳደርግ ከኪሱ 2 ሺህ ብር ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አደረገ። «ድርሻህ ዘገየብህ አይደል? እንካ» አለ።

እውነቱን ልናገር። የቤት ኪራይ ደርሶብኛል። ለአፍታ እጄ ሊዘረጋ ነበር። ትቼው ወጣሁ፣ ግን ያቺን አፍታ እሱም አይቷታል። ከደረጃው ስወርድ ሳቁ ተከተለኝ።

ለማንኛውም፣ እንግዳ ያላችሁ፦ የፓርኩ ክፍያ ደባርቅ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ይከፈላል፣ ስካውትም እዚያው ይመደባል። ደላላ አያስፈልግም፣ መኪና ብቻ ተከራዩ። የተጻፈላችሁንም እዚያው ቆማችሁ አንብቡ።

ጋሼ አራት ወር ሙሉ በር ላይ ሲያገኙኝ «እንዴት አደርክ» ይሉኝ ነበር፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»ን ሳይቀር ጠብቀው። ዛሬ ጠዋት «ጉድ ሞርኒንግ» አሉኝ።