ካፊያ ለእስስት፦ የእጅ መርጫ ወይስ ፓምፕ?

የየመን እስስት ውኃ በሳህን ቢቀርብላት ዞር ብላ አታየውም፤ የቆመ ውኃ መጠጥ አይመስላትም። የምትጠጣው ቅጠል ላይ የተንጠለጠለውን ጠብታ ነው፤ እንግዲህ ካፊያውን የሚያወርድላት ያስፈልጋል።

የእጅ መርጫ ርካሽ ነው፤ ብልሽትም እምብዛም አያውቀው። ችግሩ የእጅ መድከም ነው። እስስት መጠጣት ከመጀመሯ በፊት ጥቂት ደቂቃ ታመነታለች፤ እኔ አምስት ጊዜ ረጭቼ ወደ ሥራ ስሮጥ፣ እሷ ገና አንድ ዓይኗን ወደ ቅጠሉ ማዞሯ ነበር።

ፓምፕና ሰዓት ቆጣሪ ያለው መሣሪያ ግን አይቸኩልም። ቤት ባልኖርም ንጋትና ምሽት ላይ ሁለት ሁለት ደቂቃ ያካፋል። ታዲያ የራሱ ጣጣ አለው፦ የቧንቧ ውኃ ኖራ የመሣሪያውን የመርጫ ቀዳዳ ስለሚደፍን የተጣራ ውኃ ይፈልጋል። ማጠራቀሚያው ባዶ ሆኖ ከሠራ ፓምፑ ሊቃጠል ይችላል። እስስቷ ከምትኖርበት ሣጥን ሥር ማፍሰሻ ካልተበጀለት ደግሞ ምንጣፍ ይረጥባል፤ የእኔ ረጥቧል። ሣጥኑ በካፊያዎቹ መካከል ካልደረቀም እስስቷን የሳንባ ሕመም ያሰጋታል።

ቀኑን ሙሉ ቤት ለሚውል ሰው መርጫው ይበቃል። እኔ ወደ ፓምፑ አዘነብላለሁ፤ መርጫውን ግን አልጣልኩትም፣ መብራት ሲጠፋ ያስፈልጋል።