ለልጅ የስብ መለኪያ ልትገዙ ነው? ስማርት ሚዛን ወይስ ተራ ሚዛንና ሜትር

ባህር ዳር ያላችሁ ወላጆች ስማርት ሚዛን ቴሌግራም ላይ ሲሸጥ እያያችሁ ለልጄ ልግዛው ወይ የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ ለልጅ ከሆነ ተራ ዲጂታል ሚዛንና የልብስ ሰፊ ሜትር ይሻላል ነው የምለው።

ስማርቱ በባዶ እግር ሲቆሙበት ትንሽ ኤሌክትሪክ በሰውነት አሳልፎ ስቡን ይገምታል እንጂ አይመዝነውም፣ ስሌቱም አብዛኛውን ጊዜ ለአዋቂ የተሰራ ነው፣ ጉርምስና ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ውሃው ጡንቻው አጥንቱ ሁሉ እየተቀየረ ነው። በዛ ላይ በዚህ ሙቀት ኳስ ሲጫወት ውሎ የመጣ ልጅ ጠዋት ካወጣው የተለየ ፐርሰንት ሊያወጣ ይችላል። የግድ ከገዛችሁ ማንዋሉ ላይ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚሰራ እዩ፣ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ያለው ሰው ግን ጭራሽ እንዳይቆምበት።

በተራው ሚዛን ቢኤምአይ (ኪሎን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽር ቁጥር) ታወጣላችሁ፣ ኪሎውን ለቁመት በሜትር ሁለቴ ማካፈል ነው። የ10 ዓመት ልጅ 45 ኪሎ ሆና ቁመቷ 1.40 ከሆነ 23 ይመጣል። ለአዋቂ 23 ኖርማል ነው፣ ለሷ ግን በዓለም ጤና ድርጅት የ2007 (እ.ኤ.አ.) ሰንጠረዥ የከፍተኛ ውፍረት መስመር 22.6 ስለሆነ አልፋለች! ስለዚህ በእድሜና በፆታ የተለየውን ሰንጠረዥ ነው ማየት ያለባችሁ። ቁመት ላይ በጣም ተጠንቀቁ፣ ጫማ ወልቆ ተረከዝ ግድግዳ ነክቶ መጽሐፍ አናት ላይ ጫን ተደርጎ ነው የሚለካው፤ ሹሩባው 3 ሴንቲ ቢጨምርላት 22 ይሆንና ከመስመሩ በታች ትወርዳለች። ሚዛኑንም ምንጣፍ ላይ አታስቀምጡት፣ ጣና ዳር አስፋልት ላይ ያዘመመ ሚዛን የሚሰጣችሁንም ኪሎ አትመኑ።

ቢኤምአይ ጡንቻና ስብ አይለይም፣ ሜትሩ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ከመጨረሻው ጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መሃል፣ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያበቃ ለኩ፣ ከቁመቱ ግማሽ ከደረሰ (140 ሴንቲ ለሆነ ልጅ 70) ሆድ አካባቢ ስብ በዝቷል ማለት ነው። ጤና ጣቢያ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ባለቀለም መለኪያ የህፃናት መቀንጨርን ሳይሆን መክሳትን ለማየት ነው፣ ለዚህ አይሆንም።

ቆዳ ቆንጥጦ የሚለካው ካሊፐር የሰለጠነ እጅ ስለሚፈልግ ለቤት አልመክርም። ዴክሳ የሚባለው ስብና ጡንቻን በኤክስሬይ ይለያል፣ እሱ የሐኪም ጉዳይ ነው።

በየ3 ወሩ መለካት ይበቃል፣ ቁጥሩን ሰው ፊት እየጠራችሁ ልጁን አታሳቅቁት በናታችሁ። ከመስመሩ ካለፈ ኪሎና ቁመቱን ከነቀኑ ጽፋችሁ የህፃናት ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ ከስማርት ሚዛኑ ፐርሰንት ይልቅ ሐኪሙ የሚፈልገው እሱን ነው።