አሮጌ ፔዳል ስቲል ጊታር፦ ፈትቶ ማጽዳት ወይስ ሳይፈቱ መወልወል?

ፔዳል ስቲል ጊታር እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ የሚጫወቱት፣ በእግር ፔዳልና በጉልበት ማንሻ የክሮቹ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚልበት ጊታር ነው። ሳይፈቱ መወልወል የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ክሮቹን አውርዶ የአሉሚኒየም ጎኖቹን በብረት ፖሊሽ ማሸት፣ እስኪያብረቀርቁ። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ግን በፍጹም! ብናኙን የፒክአፑ (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ማግኔት ይስበዋል።

መፍታት ከባድ ነው። ከሥሩ ከፔዳሎቹና ከጉልበት ማንሻዎቹ ወደ ክሮቹ የሚሄዱ ቀጫጭን ዘንጎች አሉ፤ አንዱ ያለ ቀዳዳው ከገባ የፔዳሉ አረጋገጥ ይለወጣል። ፎቶ ሳያነሱ አንድም ብሎን እንዳይነኩ። ሆኖም ፔዳሉ ተለቆ ድምፁ ወደ ቦታው አልመለስ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ አሮጌው ዘይት ከአቧራ ጋር ሙጫ ሆኗል፤ ላዩን ቢያብረቀርቁት አይድንም። መስኮት ከፍቶ፣ ከእሳት ርቆ በላይተር ቤንዚን ማጽዳት፣ ሲደርቅ በየመጋጠሚያው አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። እኔ ድምፁ በትክክል የሚመለስን ጊታር አልፈታም።