«ዘነበች»ን ለማዘመን 149 ብር ከፈልኩ

ስለ ስም እየጻፍኩ ስም ማጥፋት ስለማይሆንልኝ መተግበሪያው ማን እንደሚባል አልናገርም። የአበሻ ሕፃናት ስም የሚያወጣ ነው። ስልክ ላይ በነፃ ይጫናል፤ «ስም አዘምን» የምትለዋን ቁልፍ ለመንካት ግን 149 ብር በቴሌብር ይከፈላል። እኔ ከፈልኩ። ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቼዋለሁ፤ ሁለተኛዋን በምን እንዳገኛት ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሦስተኛዋ ልጄ የተወለደችው ግንቦት 27 ነው። የሁለቱን ታላላቆቿን ስም ያወጡት ባለቤቴና እናቱ ናቸው። ይቺኛዋን ለእኔ ተዉልኝ። እኔ ደግሞ ገና ሳረግዝ ጀምሮ የአያቴን ስም ነው የምሰጣት እያልኩ ስዝት ነበር። ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ እምዬ ነው የምንላት። ስሟ ዘነበች።

ግትርነቴ ከየት መጣ ለምትሉ፦ እኛ አገር ልጅ የራሱን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ከዚያ የወንድ አያቱን ስም ይዞ ነው የሚሄደው። እኔ በአባቴ እጠራለሁ፣ ልጄ በአባቷ ትጠራለች። የእናቴ እናት የትም የለችም። መታወቂያዬ ላይ የለችም፣ ፓስፖርቴ ላይ የለችም። እምዬ በወረቀት ላይ የምትቀርበት አንድ ቦታ ቢኖር የልጅቷ የራሷ ስም ነው፤ ሌላ በር የለም።

ግን ዘነበች! ባለቤቴ ፊት ለፊት እንቢ አላለም፣ «ትምህርት ቤት ስትገባ አስቢያት እስቲ» ብቻ አለ። የሰባት ዓመቷ ልጄ ግን አልማረችኝም። ክፍላቸው ውስጥ ሁለት ሶልያና፣ ሁለት አርሴማና አንድ ኤልዳና አሉ። «ዘነበች የሚባል ልጅ አለ እንዴ? የትልቅ ሰው ስም እኮ ነው» አለችኝ። እምዬ ራሷ አንድ ቀን ልጅ የነበረች አይመስላትም።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ማስታወቂያው ፌስቡክ ላይ የመጣልኝ። «የአያትዎን ስም ለልጅዎ በዘመናዊ መንገድ» ይላል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጡት እያጠባሁ ነበር፣ በዚያ ሰዓት ሰው ምን ያልገዛው ነገር አለ።

ዘነበች ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ዞረና አራት ስም አወጣልኝ፦ ዜና፣ ዜኒ፣ ኔቢ እና ዘይነብ።

ዜና ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ የምናየው ነው። ኔቢ ምን እንደሆነ እሱም አያውቅ። ዘይነብ ቆንጆ ስም ነው፣ የነቢዩ መሐመድ ልጅ ስም ነው፤ ከዝናብ ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም፣ ፊደሉ ስለተመሳሰለ ብቻ ነው ያመጣው። ያኔ አሠራሩ ገባኝ። መተግበሪያው የስሙን ድምፅ ቆርጦ መጨረሻው ላይ ጣፋጭ ነገር ይቀጥላል፣ በቃ። ለማረጋገጥ ሌሎች ስሞች ሞከርኩበት። ጥሩነሽ ስለው ቲና አለኝ። ወርቅነሽን ዎርኪ አደረጋት። በላይነሽን ቤላ! ቤላ እኮ ለአዲስ አበባ ሰው ሰፈር ነው፤ ልጅቷን በጠራኋት ቁጥር ታክሲ ልትሳፈር ነው?

ጥሩነሽን ደግሞ ምን አድርጎ ነው የሚያድሳት? በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ጥሩነሽ ዲባባ በአምስት ሺህም በአሥር ሺህም ወርቅ ካጠለቀች በኋላ ያንን ስም አሮጌ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። አቃቂ ሆስፒታሉ እንኳ ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው የሚባለው።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የድሮ የሴት ስሞቻችን ብዙዎቹ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናቸው። ወርቅነሽ፣ ጥሩነሽ፣ በላይነሽ ሲባል አንድ ሰው አራስ ቤት ገብቶ ለሕፃኗ የነገራት ነገር ነው። በቀለች፣ ተዋበች፣ ታደለች ደግሞ ለጎረቤት የተወራ ነው፣ ገና የምሥራቹን ሲያወሩ። የጎንደሯ እቴጌ ምንትዋብ ስምማ «እንዴት ታምራለች» የሚል አድናቆት ነው። ከዚህ ላይ መጨረሻውን ቆርጠህ «ሚኒ» ስትል የቀረው ምንድነው? ወሬው ተቆርጦ ድምፁ ብቻ ይቀራል።

የእምዬም ስም ወሬ አለው። እሷ የተወለደችበት ዓመት በልጉ ቀርቶ ሰዉ እግዚኦታ ላይ ነበር አሉ። እናቷ ምጥ የያዛት ሌሊት ሰማዩ ተቀደደ። አባቷ ከደጅ እየበሰበሰ ገብቶ ሴት መሆኗን ሲነግሩት «ዘነበች» አለ፣ ሌላ አልጨመረም። ይሄን ታሪክ ቢያንስ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ በተናገረች ቁጥር ዝናቡ ይጨምራል።

ወደ መተግበሪያው ልመለስ። ፍለጋው ፊደል አይለይም ብዬ እንዳልል ከልክ በላይ ይለያል። «ፀሐይ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ያገኛታል፣ «ጸሀይ» ካላችሁት «ይህ ስም የለም» ይላል። ሐና አለች፣ ሃና የለችም። የአማርኛ ስም መተግበሪያ ሠርቶ የሀ፣ የሐና የኀን ጣጣ አለማሰብ ሽሮ ሠርቶ ጨው እንደ መርሳት ነው። ትርጉሞቹም አያስተማምኑም። ሣራን «ልዕልት» ቢል ይገባኛል፣ ዕብራይስጡ ነው። ነገር ግን ቆጥሬያለሁ፣ ሌሎች 11 ስሞችም «ልዕልት» ተብለዋል። ያልገባቸውን ሁሉ ልዕልት ያደረጉ ይመስለኛል። በቴሌግራም ጽፌላቸው በዘጠነኛው ቀን «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚል መጣልኝ። ስለ ብሩ ግን ትንፍሽ አላሉም።

አሁን ስለ ሁለተኛዋ ኮከብ። የቀን ማስያ አለው፣ እሱ ግን እውነት ለመናገር ጎበዝ ነው። የተወለደችበትን ቀን ስታስገቡ ሰማንያውን ቆጥሮ የሴት ልጅ ክርስትና መቼ እንደሚውል ይነግራችኋል፤ የእኔዋ ነሐሴ 16 ዋለች፣ የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት፣ በኪዳነ ምሕረት ቀን። አጠገቡ ደግሞ ዘጠና ቀኑን ያሳያል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ የእኔ ነሐሴ 26 ያልቃል ማለት ነው። የክርስትና ስሟን ቄሱ ናቸው የሚሰጧት፣ ወለተ ኪዳን ብለዋታል፣ እሱ አላስጨነቀኝም። ወረዳ የሚመዘገበው ስም ግን አሥር ቀን ቀርቶት እንኳ ባዶ ነበር። ስልኩ በየጠዋቱ «9 ቀን ቀርቶዎታል»፣ «8 ቀን ቀርቶዎታል» ይለኛል። ባለቤቴ የልጅ ሳይሆን የዕቁብ ነው የሚመስለው አለ።

ስሙ የመጣው በስልኩ አይደለም። የነሐሴ ዝናብ ነው፣ ልብስ አልደርቅ ብሎ ዳይፐሩም አልቆ፣ በረንዳ ላይ ቆሜ ባለቤቴን ሱቅ ድረስ ሂድልኝ ስለው «ይዘንባል እኮ» አለኝ። «ካፊያ ናት፣ ሂድ» አልኩት። እሱ ሄደ፣ እኔ እዚያው ቀረሁ። ካፊያ። ዝናቧም አለች፣ እምዬም አለች፣ ትምህርት ቤትም ማንም አይስቅባት።

በእርግጥ ቀላል አልሆነም። ዱባይ ያለችው እህቴ ስነግራት ሳቀች፦ «በአረብኛ እኮ ካፊያ ማለት በቂ ናት ማለት ነው።» ባለቤቴ ይሄን ሲሰማ ደነገጠ፤ ሦስተኛዋም ሴት ስትሆን «አበቃን» ያልን አይመስልም ወይ? ይበቃል የሚል ስም አለን አይደል፣ ሰው የሚያስበውን ያስባል። እኔ ግን በቂ መባል ምን ስድብ አለው ብዬ ቆረጥኩ። ወረዳ ሄጄ ስሟን ሳስመዘግብ መዝጋቢው ልጅ በእንግሊዝኛ በአንድ ኤፍ ነው በሁለት ብሎ ጠየቀኝ። በአንድ አልኩት። በአሥራ አምስት ደቂቃ አለቀ። ለካስ ሦስት ወር ሙሉ የፈራሁት ይሄን ነው።

ለእምዬ ለመንገር ነው የፈራሁት ዋናውን። ስሟን ቀይሬባት ትቀየመኛለች ብዬ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀምጬ ነገርኳት። ዝም አለች። ጋቢዋን ልጅቷ ላይ አደረገች።

«ዝናቡን ቀነሳችሁበት» አለች።

«እምዬ፣ ካልወደድሽው...»

«ተዪ እስቲ። እኔ ዶፍ ነበርኩ። ዶፍ ደግሞ አፈሩን ይዞት ይሄዳል፣ ካፊያ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው።» ከዚያ ቀና ብላ «ስልክሽ ነው ያወጣው?» አለችኝ።

አይደለም፣ ራሴ ነኝ አልኳት። 149 ብሩን አልነገርኳትም።

መተግበሪያውን አጥፍቼዋለሁ። ቀን ማስያውን ብቻ የምትፈልጉ ጫኑት፣ እሱ በነፃ ነው፤ «ስም አዘምን» የምትለዋን ግን አትንኳት። ክርስትናው ካለፈ ሁለት ወር ሆነ፣ ቤቱ ሁሉ ካፊያ እያለ ይጠራታል፣ የሰባት ዓመቷም ለጓደኞቿ ትርጉሙን ስታስረዳ ሰምቻታለሁ። እምዬ ብቻ ካፊያ ብላ ጠርታት አታውቅም። ሞክሼዬ ነው የምትላት።