«ቦርዱ ነው» ሲሏችሁ ቀብድ አትክፈሉ

ላፕቶፓችሁ ቀኑን ሙሉ በሰላም ሠርቶ ስታጠፉት ብቻ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ይቺን ሳታነቡ ጥገና ቤት እንዳትሄዱ። እኔ ሄጄ 8,500 ብርና የአራት ዓመት ፋይሌን ጥዬ መጥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማታ ከቢሮ ልወጣ ስል ሻት ዳውን አደርጋታለሁ። ክቧ ምልክት ትዞራለች፣ ትዞራለች። ከዚያ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና የሆነ ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። መጥፋቷ ቀርቶ እንደገና ትነሳለች! ታክሲ ሰልፍ እያመለጠኝ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኜ በግድ አጠፋታለሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከታገልኩ በኋላ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ ሄድኩ። አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ያለች ጠባብ ሱቅ ናት። ስሟን አልጽፍም።

ልጁ አበራት፣ አጠፋት፣ ሰማያዊው ስክሪን መጣ። የተጻፈውን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። «እህቴ፣ ቦርዱ ነው። ኤሌክትሪኩን የሚቆጣጠረው ቺፕ፣ ፓወር አይሲው፣ ሄዷል። እንዲህ እያልሽ ከቀጠልሽ አንድ ቀን ጭራሽ አትነሳልሽም» አለኝ። 8,500 ብር፣ 4,000ው አሁን፣ የቀረው ስወስዳት። ደንግጬ ሰጠሁት። ደረሰኝ ስለው ከደብተር ላይ ቁራጭ ወረቀት ቀዶ «ቦርድ» ብሎ ጻፈልኝና ስልኩን ጨመረበት።

በስድስተኛው ቀን ደውሎ ጠራኝ። ፊቴ አጠፋት፤ ጭጭ አለች። ተደስቼ የቀረውን ከፈልኩ። ቢሮ ደርሼ ስከፍታት ዴስክቶፑ ባዶ ነው። ፎርማት አድርጓታል። ደውዬ ብጮህ «ቦርድ ሲሠራ ግድ ነው» አለኝ። ግድ አይደለም። ፋይላችሁ ያለው ዲስኩ ላይ ነው፣ ቦርዱ ላይ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ሰማያዊው ስክሪን ተመለሰ።

ያኔ ነው ገልብጬ ያየኋት። ላፕቶፗን ስገዛ የሸጠልኝ ሱቅ ከታች አንዷ ብሎን ላይ ትንሽዬ የዋስትና ወረቀት ለጥፎባት ነበር። ብሎኑ ሲፈታ የምትቀደድ ዓይነት ናት። ወረቀቷ እንዳለች አለች። ዳሯ ላይ አቧራ ይዛለች፣ ጫፏ እንኳ አልተነሳም። ልጁ ሳይከፍታት ነው «ቦርድ የሠራው»።

የቢሮአችን የአይቲ ልጅ ማኪያቶውን እየጠጣ 25 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ጨረሰው። መጀመሪያ ያደረገው ዊንዶውስ ክራሽ ሲያደርግ በራሱ ሪስታርት እንዲያደርግ የሚያዘውን ምልክት ማንሳት ነው። ምልክቱ ስላለ ነው ለካ ጽሑፉ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው፣ ላፕቶፗም «አልጠፋም» የምትል የሚመስለው። ምልክቱ ሲነሳ ስክሪኑ ቆሞ ይጠብቃችኋል። በስልካችሁ ፎቶ ታነሱታላችሁ። የኔ ላይ «ድራይቨር ፓወር ስቴት ፌይለር» ይላል። ኮምፒውተሩ ሊጠፋ ሲል እያንዳንዱን ክፍል «ተኛ» ብሎ ያዛል። የአንዱ ድራይቨር፣ ማለትም ያንን ክፍል ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ በጊዜ መልስ ካልሰጠ ዊንዶውስ ይጠብቅ ይጠብቅና ይከሰከሳል። የኔዋ የዋይፋይ ድራይቨር ነበረች። አዲስ አፕዴት ይዟት የመጣ ነው። አሮጌውን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዶ መለሰው፣ አለቀ።

ታዲያ ሱቁ ውስጥ ለምን በሰላም ጠፋች? ፎርማት ሲደረግ መጥፎው ድራይቨርም አብሮ ስለጠፋ ነው። ቢሮ መጥታ ኢንተርኔት ስታገኝ አፕዴቱ ያንኑ መልሶ ጫነው። ልጁ ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም። ቢያንስ የፊቴ ሙከራ ምን ያህል እንደሚያዋጣው ያውቃል።

እናንተ ጋ ይህ ከገጠማችሁ፣ ከቤት ሳትወጡ አንድ ነገር ሞክሩ። የሺፍትን ቁልፍ ተጭናችሁ ይዛችሁ ሻት ዳውን በሉ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 እንደ ፈረንጆቹ፣ ኮምፒውተሩ በተለመደው መንገድ ሲጠፋ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቶሎ እንዲነሳ የሥርዓቱን ዋና ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። ፋስት ስታርትአፕ የሚሉት እሱ ነው። ሺፍት ስትይዙ ግን በትክክል ይጠፋል። በዚህ መንገድ በሰላም ከጠፋ ቦርዳችሁን ማንም እንዲነካው አትፍቀዱ። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብታችሁ ፋስት ስታርትአፕን አጥፉትና ለጥቂት ቀን እዩት። ዩኤስቢ ላይ የተሰካ ነገር ካለም ንቀሉ፤ ፕሪንተር፣ ኢንተርኔት ማገናኛ፣ ምንም ይሁን። ካልሆነ ኢቨንት ቪውወር የሚባለውን የዊንዶውስ መዝገብ ከፍታችሁ በጠፋበት ሰዓት የተመዘገበውን ቀይ ምልክት ፈልጉ። ከርነል ፓወር 41 የሚል ብቻ ካገኛችሁ ግን አትደንግጡ፣ እሱ «ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይጠፋ ተነስቷል» ከማለት ውጭ ምክንያቱን አይናገርም። ጥገና ቤቶች ግን «ፓወር» የሚለውን ቃል እያሳዩ ነው ቦርድ የሚሸጡላችሁ።

እርግጥ አንዳንዴ ዕቃው ራሱ ይበላሻል። እየሠራችሁ መሀል ላይም ከጠፋ፣ ወይም ዲስኩ የሚንቋቋ ድምፅ ካለው ነገሩ ሌላ ነው። ያም ቢሆን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት «ሰማያዊው ስክሪን ላይ ያለው ኮድ ምን ይላል?» በሉት። መመለስ ካልቻለ ተነሱና ውጡ። ፋይላችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡ፣ «ፎርማት ከማድረግህ በፊት ደውልልኝ» ብላችሁ አስጽፉ። ብሎኖቹንም ፎቶ አንሱ። ስትረከቡ እዚያው ኢንተርኔት አገናኝታችሁ፣ አፕዴቱ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ሦስት ጊዜ አጥፉ።

ያልተቀደደችውን የዋስትና ወረቀት አሳይቼው ልጁ አልተከራከረም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት አገልግሎት ለተሸጠለት ሸማች ገንዘቡን የመጠየቅ መብት እንደሚሰጥ ስነግረው ግን ሳቀ፤ «ደረሰኝ አለሽ?» አለኝ። «ቦርድ» የምትል ቁራጭ ወረቀት ብቻ ናት ያለችኝ። በስንት ጭቅጭቅ 1,500 መለሰልኝ። ለቀረው «ሰኞ ነይ» ብሎኛል። ይኸው ሦስተኛው ሰኞ ነው፣ ስልኩም አይነሳም።