ከአምፕሊፋየሬ «ዷ!» ለገላገለኝ ባለሙያ

ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ብቀር ይቆጨኛል። ስለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ ነው።

አምፕሊፋየሬን ባበራሁ ቁጥር ስፒከሮቹ «ዷ!» ይላሉ። ጎን ክፍል የተኛችው ልጄ ደንግጣ ብድግ ትላለች። ሙዚቃ የምሰማው ደግሞ ማታ፣ እሷ ከተኛች በኋላ ነው። ማብሪያውን መንካት እስክፈራ ደረስኩ። አንድ ቀን የስፒከሩን የፊት ጨርቅ አንስቼ አየሁት። ማብሪያውን ስጫን የትልቁ ስፒከር ወረቀት ወደ ውጭ ፈንጠር ይልና ቀስ ብሎ ይመለሳል። አንጀቴን በላው።

መጀመሪያ ያሳየሁት ቦታ «አሮጌ አምፕሊፋየር እንዲህ ነው፣ ለምጅው» ብለው ነው የመለሱኝ።

ይሄኛው ሰው ግን ካቻቢቴ ሳያነሳ ጥያቄ ጀመረ። «እህቴ፣ ሲበራ ብቻ ነው ወይስ ሲጠፋም? ድምፁን ዜሮ ላይ አድርገሽ ስታበሪስ? ከኋላ ያሉትን ገመዶች ነቅለሽ ሞክረሻል?» አልሞከርኩም ነበር። ከማጫወቻው የሚመጡትን ገመዶች በሙሉ ነቅሎ አበራው። ዷ! «በቃ፣ ከማጫወቻው አይደለም። ከራሱ ነው» አለ።

ቀጥሎ ስፒከሮቹን ከአምፕሊፋየሩ ፈታና በቦታቸው መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያዘ። «አሁን ቁጥሩን እዪልኝ» አለኝና አበራው። ቁጥሩ 3 ቮልት ገደማ ዘለለ። ከዚያ እየወረደ፣ እየወረደ፣ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ 15 ሚሊቮልት ላይ ረጋ። «አየሽ፣ አምፕሊፋየርሽ ጤነኛ ነው። ከረጋ በኋላ ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። ሲበራ ግን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች እስኪሞሉ፣ ድምፁን የሚያጎሉት ትራንዚስተሮች ልካቸውን እስኪይዙ ድረስ መውጫው ላይ ዲሲ፣ ማለትም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሪክ፣ ይወጣል። ዷ የሚለው እሱ ነው። ስፒከር ደግሞ ዲሲ አይወድም። ወረቀቱ ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ ይቀራል፣ ብዙ ከሆነና ከቆየም ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ (ኮይሉ) ይቃጠላል።»

ከዚያ ክዳኑን ከፈተው። ስፒናው ተነቅሏል፣ እሱ ግን እጁን አላስገባም። ትልልቆቹን ካፓሲተሮች በሬዚስተር አራግፎ፣ ለክቶ፣ ባዶ መሆናቸውን ካረጋገጠ በኋላ ነው የነካው። «ተነቅሎም እዚህ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያድራል» አለኝ። ይህንን ያነሳሁት ክዳን ከፍታችሁ ራሳችሁ ልትሞክሩ ለምታስቡ ነው።

መብራት አቅርቦ ሲያይ ዝም አለ። ከዚያ በጣቱ አሳየኝ። አምፕሊፋየሩ ላይ ሪሌይ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ፣ አለ። ግን እግሮቹን ከታች በወፍራም ሽቦ አገናኝተው በስታኞ በይደውታል! ያኔ ትዝ አለኝ። በፊት የግራው ስፒከር እየጠፋ ያስቸግረኝ ስለነበር አስጠግኜው ነበር። ግራው ተመለሰ፣ ዷውም ከዚያ ጀመረ። ለካ የሪሌዩ መገናኛዎች ጠቁረው ኖሯል። እሱን በመቀየር ፈንታ ዘለሉት።

የሪሌዩ ሥራ ቀላል ነው። አምፕሊፋየሩ ሲበራ ስፒከሩን ለይቶ ያቆየዋል፣ ሁሉ ነገር ሲረጋ ጠቅ ብሎ ያገናኘዋል። ደግሞ ትልቁ ነገር፣ ትራንዚስተር ተቃጥሎ መውጫው ላይ ዲሲ ቢመጣ ወዲያው ያላቅቀዋል። ስለዚህ በዚያች ሽቦ ምክንያት የእኔ ስፒከሮች ያለ ምንም ጥበቃ ነው የከረሙት። እኔ ተናደድኩ። እሱ ግን ስለ ሌላ ሰው ሥራ ክፉ አልወጣውም። «ሪሌይ ያልተገኘ ቀን ይሆናል» ብቻ አለ።

ሽቦውን አንስቶ በዚያው ልክ ባለ 24 ቮልት ሪሌይ ቀየረው። መጀመሪያ ሲያበራው አምፑል በኤሌክትሪክ መስመሩ መሃል አስገብቶ ነው፣ የተሳሳተ ነገር ካለ አምፑሉ ደምቆ እንዲናገር። ሪሌዩ ጠቅ አለ። ግን ቶሎ፣ አንድ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ። ትንሽ «ድም» የምትል ድምፅም ቀረች። እውነቱን ለመናገር እኔ በዚያ ደስ ብሎኝ እሄድ ነበር። እሱ እምቢ አለ። የመዘግያውን ጊዜ የምትወስነው ቀስ እያለች የምትሞላ አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ናት። ደርቃ አቅሟ ወርዷል፣ ስለዚህ ቶሎ ትሞላለች። እሷንም ቀየራት። አሁን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብዬ ቆጠርኩ። ጠቅ። ሌላ ምንም የለም።

ሲጠፋም አየው። ማብሪያው እንደተጫነ ሪሌዩ ወዲያው መልቀቅ አለበት፣ ካልሆነ መጨረሻ ላይ ሌላ ጓጓታ ይመጣል። የእኔ ይለቅቃል። አሮጌዎቹን ዕቃዎች በትንሽ ላስቲክ አድርጎ ሰጠኝ። ሪሌዩን ከፍቼ አየሁት፣ መገናኛዎቹ ከሰል መስለዋል።

ከመሄዴ በፊት ያለኝን ላካፍላችሁ። ስታበሩ ማጫወቻውን ወይም ሚክሰሩን አስቀድሙ፣ አምፕሊፋየሩን መጨረሻ። ስታጠፉ አምፕሊፋየሩን መጀመሪያ። በርቶ እያለ የድምፅ ገመድ አትንቀሉ፣ አትሰኩ። ጠቅ የሚለው ካልመጣ ወይም እየደጋገመ ጠቅ ጠቅ ካለ አስመርምሩት፣ ሪሌዩ ስፒከራችሁን ከአንድ ብልሽት እየጠበቀላችሁ ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያውም ሪሌይ የሌለው አምፕሊፋየር ካላችሁ፣ የሚያዘገይም ዲሲ የሚቆርጥም ዝግጁ ቦርድ አለ፣ በአምፕሊፋየሩና በስፒከሩ መሃል ይገባል።

ልጄ ማታ ማታ አትነቃም። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ገመዶቹንም ይዛችሁ ሂዱ፣ መጠየቁ አይቀርም።